ስንት ቦታ ፈልጋችሁ አገኛችሁት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ጠዋት ለገሃር አካባቢ ካለች አንዲት ካፌ ቁጭ ብዬ ነው የማነበው። ባለፈው ቅዳሜ ስለ ትልልቅ ዳታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ለፍተውበታል። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ግን ስኒዬን አስቀመጥኩ። «ዳታ በበዛ ቁጥር እውነቱ እየጠራ ይመጣል» ይላል። እኔ 22 ዓመት ከዳታ ጋር ኖሬያለሁ። ይህ እምነት ሰው ሲጎዳ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የምሠራው ብድር በሚሰጥ ድርጅት ውስጥ ነው። ስሙ ይቅር። የገባሁት በዳታ ኢንኮደርነት ነበር። ያኔ ፎርሙ በወረቀት ይመጣል፣ እኛ ወደ ኮምፒውተር እንገለብጣለን። አንድ ተበዳሪ የሚሞላው 14 መስመር ብቻ ነበር። ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ ዋስ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ዛሬ ደንበኛው በስልኩ ይመዘገባል፣ ፎርሙም ግማሹ ራሱን በራሱ ይሞላል። አሁን ስለ አንድ ሰው 312 ነገር እናውቃለን። በሳምንት ስንት ጊዜ ካርድ እንደሚሞላ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ፣ ማመልከቻውን ማክሰኞ ይሁን ዓርብ እንዳስገባ። ሌላው ቀርቶ ስሙ ስንት ፊደል እንደሆነ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ ጎበዝ ወጣት ተቀጠረ። ልጁን እወደዋለሁ። ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም። 312ቱን ነገሮች፣ እኛ በሰንጠረዡ ላይ ዓምድ የምንላቸውን፣ አንድ በአንድ «ብድሩን በቀኑ መለሰ ወይስ አልመለሰም» ከሚለው ጋር አስተያየ። እኛ ቢሮ ኮሪሌሽን እንለዋለን። በአማርኛ ዝምድና ብል ይቀለኛል። አንዱ ሲጨምር ሌላው አብሮ የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ከሆነ ዘመዳሞች ናቸው እንላለን። በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ፣ ግድግዳው ላይ ግራፍ በራ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ካርድ የሚሞሉ ሰዎች ብድር በቀኑ አይመልሱም ይላል። አለቃችን አጨበጨቡ። ሁላችንም አጨበጨብን። አንዱ ባልደረባችን ወዲያው ምክንያት አገኘለት፦ «ማታ የሚሞላ ሰው ሲዝናና የሚያመሽ ነው፣ ገንዘብ አይበረክትለትም»። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። ሳምንት ሳይሞላ ያ ዓምድ ለደንበኛ ነጥብ በሚሰጠው ሲስተም ውስጥ ገባ።

ወደ ቀበና መውረጃው ላይ ጉሊት የምትሸጥ ሴት አለች። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ አንዳንዴ ድንች። ከሥራ ስመለስ ከእሷ ነው የምገዛው። ከእኛ ድርጅት ሦስት ጊዜ ተበድራ ሦስቴም አንድ ቀን ሳታሳልፍ መልሳለች። አራተኛውን ስትጠይቅ ስልኳ ላይ «ይቅርታ፣ ለብድሩ ብቁ አይደሉም» የሚል መልእክት መጣላት። ምክንያቱ አልተጻፈም። ስልኩን ወደ እኔ ዘርግታ «እትዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ፋይሏን ከፈትኩት። ሁሉም ነገሯ ደህና ነው። አንድ መስመር ብቻ ቀይ ሆኗል። ካርድ የምትሞላው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ታዲያ መቼ ትሙላ? ጉሊቷን የምታነሳው 2 ሰዓት ላይ ነው። የተረፈውን ተሸክማ ቤቷ ትገባለች፣ ልጆቿን ታበላለች፣ ታስተኛለች፣ የቀኑን ሽያጭ ትቆጥራለች። ከዚያ በኋላ ነው ስልኳን የምታነሳው። እኛ «ሲዝናና የሚያመሽ» ያልነው ሰው እሷ ነበረች።

ነገሩን እስክናስተካክል ድረስ አልጠበቀችም፤ መጠበቅም አትችልም ነበር። አራጣ ተበደረች። በወር ምን ያህል እንደምትከፍል ስትነግረኝ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ክቡር አዘጋጅ፣ አሁን ሒሳቡን ልናገር። ከባድ አይደለም። በእኛ ሙያ አንድ ዝምድና ቁም ነገር አለው የሚባለው፣ እንዲያው በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ ከ100 ከ5 በታች ሲሆን ነው። አንድ ነገር ብቻ ለሚጠይቅ ሰው ይህ ደህና ወንፊት ነው። 312 ነገር ለሚጠይቅ ግን ወንፊቱ ቀዳዳ ነው። ከ312ቱ አንዱም ከብድሩ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር ባይኖር እንኳ፣ በአማካይ 15 ወይም 16 ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ ሾልከው ያልፋሉ። ዓምዶቹን እርስ በርስ ብናስተያያቸው ደግሞ 48,516 ጥንድ ይወጣል። ከዚያ ውስጥ ከ2,400 በላይ የሚሆነው በባዶ ሜዳ ዘመዳም ሆኖ ይገኛል። የዓምዱ ቁጥር እጥፍ ቢሆን የጥንዱ ቁጥር ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ሰው መጨመርና ጥያቄ መጨመር ለየቅል ናቸው። ከ1,000 ተበዳሪ 100,000 ተበዳሪ ይሻላል፤ የአጋጣሚው ዝምድና እየሳሳ ይሄዳል። ግን ከ100 5ቱ ወንፊቱን ማለፋቸውን አይተዉም። የዛሬው ትልቅ ዳታ ደግሞ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚያድገው፣ ወደ ጎንም ነው። ስለ እያንዳንዱ ሰው የሚሰበሰበው ነገር በየወሩ ይጨምራል። ጸሐፊው የዘነጉት ይህንን ይመስለኛል።

ይህን ሒሳብ ለአለቃችን ጽፌ ሰጠኋቸው። አነበቡት። «ጥሩ ነው፣ ግን ግራፉ እኮ በግልጽ ያሳያል» አሉኝ። ያኔ በወረቀት እንደማይሆን ገባኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ በቡና ሰዓት ከጽዳት እስከ ሒሳብ ክፍል 32 ሰው ተሰብስቧል። ለእያንዳንዱ ባለ አንድ ብር ሳንቲም አደልኩ። በእኛ ልጅነት «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እንል ነበር። የዛሬው ሳንቲም ዘውድ የለውም፤ በአንድ ፊቱ አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን ነው። ስለዚህ አንበሳው ጎፈር፣ ሚዛኑ ዘውድ ይሁን ተባባልን። ሁሉም ይቁም፣ ይወርውር፣ ዘውድ የወጣበት ይቀመጥ። በመጀመሪያው ዙር 17 ሰው ቆሞ ቀረ። በሁለተኛው 8። በሦስተኛው 4። በአራተኛው 2። በአምስተኛው አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ የበራችን ጥበቃ። አምስት ጊዜ ወርውረው አምስቴም ጎፈር።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ወዲያው ደግሞ ምክንያት ፍለጋ ተጀመረ። «በግራ እጃቸው ነው የሚወረውሩት!» አለች አንዷ። «ከፍ አድርገው አይወረውሩም፣ አያችሁ?» አለ ሌላው። ማንም ምክንያት ፈልጉ አላላቸውም። እኔም «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ» አልኳቸው። ወረወሩ። ዘውድ ወጣ።

ክፍሉ ዝም አለ። አንድ ሳንቲም ተከታትሎ አምስት ጊዜ ጎፈር የመሆን ዕድሉ ከ32 አንድ ነው። 32 ሰው ሲወረውር ደግሞ አንድ ሰው ቆሞ ቢገኝ ምንም አይደንቅም። ጥበቃችንን ብቻ ለይቼ ባመጣቸውና የቀሩትን 31 ሰዎች ባልነግራችሁ ግን ተአምር ይመስላችሁ ነበር። እኛ ከዳታው ጋር ያደረግነው ይህንኑ ነው። 312 ዓምድ አቆምን፣ ቆሞ የቀረውን መረጥን፣ የተቀመጡትን ረሳናቸው። ከዚያ ለቆመው «ግራ እጅ» ፈለግንለት።

ከዚያ በኋላ ነው አለቃችን የፈቀዱልኝ። ግራፉ ከተሠራ በኋላ የተበደሩትን፣ ልጁ ጨርሶ ያላያቸውን ደንበኞች ብቻ ወስደን ያንኑ ጥያቄ ጠየቅን። ሦስት ቀን ፈጀብን። ከ4 ሰዓት በኋላ የሚሞላውም፣ ጠዋት የሚሞላውም እኩል ይመልሳል። ዝምድናው የለም። ስድስተኛው ውርወራ ማለት ይህ ነው። ልጁ ራሱ ነው ዓምዱን ከሲስተሙ ያወጣው። አሁን እሱ ማንኛውንም ዳታ ገና ሲቀበል ለሁለት ይከፍለዋል፤ በአንደኛው ይፈልጋል፣ ሁለተኛውን ቆልፎ ያስቀምጠዋል፣ ያገኘውን የሚፈትነው በዚያ በተቆለፈው ነው። ይህን ትምህርት ቤት ማንም አላስጠነቀቀውም። ስለዚህ ነው ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም ያልኩት።

ጉሊት የምትሸጠው ሴት ብድሯን አገኘች። የአራጣውን ዕዳ ግን ገና እየከፈለች ነው። ማታ መሙላት ምንም ችግር የለውም ብላትም አሁን ካርዷን የምትሞላው ጠዋት ነው።

ይህ የእኛ ቢሮ ጉድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሚፈልጉትን ቃል እያየ ኢንፍሉዌንዛ የት እንደተነሳ የሚናገር አገልግሎት ጀምሮ ነበር። እንደ እኛ ሳንቲም ወርዋሪዎች 50 ሚሊዮን የፍለጋ ቃላትን ለፈተና አቆሙ። የሚያስተያዩበት የበሽታው አኃዝ 1,152 ብቻ ነበር። ከእነዚያ ሁሉ ቃላት 45 ቆመው ቀሩ። በመንገድ ላይ ከተገኙት ዘመዳሞች መካከል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስን የሚመለከቱ ፍለጋዎች ነበሩ። ኳሱ ከጉንፋን ጋር ምን አገናኘው? አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም የብርድ ወራት ናቸው፣ አለቀ። በእኛ አገር ቢሆን የበቆሎ ጥብስ ይሆን ነበር። ነሐሴ ላይ በየመንገዱ ጠርዝ በቆሎ ይጠበሳል፣ በየታክሲው ደግሞ ሰው ይስላል። ማንም በቆሎውን አይከስስም፣ ክረምቱን ስለሚያውቀው። ኮምፒውተሩ ግን ክረምትን አያውቅም። እነሱ ቅርጫት ኳሱን አይተው አወጡት። ያላዩት ምን ያህል እንደነበር የታወቀው ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2011 ጀምሮ ባሉት 108 ሳምንታት፣ በ100ው ትንበያው ከእውነተኛው በላይ ነበር። በ2013 መጀመሪያ ላይማ ከሁለት እጥፍ በላይ አጋነነ። በ2015 አገልግሎቱ ለሕዝብ መቅረቡ ቆመ። ጉግል ዳታ አነሰው የሚል ሰው አይኖርም መቼም።

ጉዳዩ የጥንቃቄ ጉድለት ብቻም አይደለም። የቁጥር ጠባይ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ 6 ሰው ገባ እንበል። ማንም ይሁኑ ማን፣ ወይ ከመካከላቸው 3ቱ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ወይ ደግሞ 3ቱ እርስ በርስ ጨርሶ አይተዋወቁም። ሁሌም። አንዱን ተሳፋሪ ያዙ። ከቀሩት 5 ውስጥ ወይ ቢያንስ 3ቱን ያውቃል፣ ወይ ቢያንስ 3ቱን አያውቅም። 3ቱን ያውቃል እንበል። ከ3ቱ ሁለቱ ከተዋወቁ፣ ከእሱ ጋር ሆነው ሦስት የሚተዋወቁ ሰዎች ተገኙ። አንዳቸውም ካልተዋወቁ ደግሞ እነሱ ራሳቸው ሦስት የማይተዋወቁ ናቸው። አያውቅም ብለን ብንነሳም መንገዱ ያው ነው። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ማንም ሳያቀናጃቸው፣ ብዛታቸው ብቻ ሥርዓት ያለው የሚመስል ነገር አስገኘ።

ይህ የሒሳብ ዘርፍ የተነሳው በ1930 እ.ኤ.አ. ገና በ26 ዓመቱ ካረፈው እንግሊዛዊ ከፍራንክ ራምዚ ነው። ክሪስቲያን ካሉድ እና ጁሴፔ ሎንጎ የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናታቸው ይህንኑ ወደ ትልቅ ዳታ አመጡት። ዳታው በበቂ ሁኔታ ከተለቀ በውስጡ ዝምድና መገኘቱ ግድ እንደሆነ አሳዩ። የሚመጣው ከዳታው ይዘት ሳይሆን ከመጠኑ ነው። በዘፈቀደ የተሞላ ዳታ ውስጥም ይገኛል። ጸሐፊው «ዳታ በበዛ ቁጥር» ሲሉ እኔ ትዝ ያለኝ ይህ ነው።

አንድ ሌላ ዓይነት የውሸት ዝምድና አለ፤ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው በተለይ ልናገረው ይገባል። ቤቴ የመኝታ ቤቱ በር ጉበን ላይ የልጄን ቁመት በየዓመቱ መስከረም ላይ በእርሳስ አሰምራለሁ። የቤት ወጪ መዝገቤ ላይ ደግሞ ጤፍ በኩንታል ስንት እንደገዛሁ ይጻፋል። አንድ ቀን ሁለቱን ኤክሴል ላይ አስገባኋቸው። የ9 ዓመት ዳታ ነው። ዝምድናቸው ከ0.9 በላይ ወጣ፤ ሙሉው 1 ነው። ልጄ ሲረዝም ጤፍ ይወደዳል ማለት ነው? ሁለቱም በየዓመቱ ወደ ላይ ሄዱ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ከዚያ ቁመቱን ትቼ በየዓመቱ ስንት ሴንቲ እንደጨመረ፣ ዋጋውን ትቼ በየዓመቱ ስንት ብር እንደጨመረ ወሰድኩ። ዝምድናው ጠፋ። እዚህ ከተማ ባለፉት 20 ዓመታት ያልጨመረ ነገር ብርቅ ነው። ሕዝቡ፣ ፎቁ፣ ኪራዩ፣ የስልኩ ቁጥር፣ መኪናው። ከእነዚህ ሁለቱን አንስቶ «ይህ ነው ያንን ያመጣው» ማለት የሚፈልግ ሰው መቼም ግራፍ አይቸግረውም።

ኡድኒ ዩል የተባለ እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ይህን ያሳየው ኮምፒውተር ሳይኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። በእንግሊዝና ዌልስ ከ1866 እስከ 1911 በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመው ጋብቻ ከጠቅላላው ጋብቻ ያለውን ድርሻና የሕዝቡን የሞት መጠን አስተያየ። 0.95 አገኘ። ሁለቱም በዚያ ዘመን እየቀነሱ የመጡ ነገሮች ነበሩ።

ዳታን ጠልቼ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። እንጀራዬ ነው፣ እወደዋለሁም። ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀው ከዝምድና ተነስቶ ነው። ሪቻርድ ዶል እና ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1950 በለንደን ሆስፒታሎች የተኙ ሕሙማንን ጠይቀው ዝምድናውን አገኙ። ግን እዚያ ላይ አልቆሙም። በ1951 ወደ 40,000 የሚሆኑ የእንግሊዝ ሐኪሞችን መዝግበው ማን እንደሚያጨስ ጠየቁ፣ ከዚያ ቁጭ ብለው ዓመት እስከ ዓመት ተከታተሏቸው። ዝምድናው በአዲሶቹ ሰዎችም ላይ ቆመ። ስድስተኛውን ሳንቲም ወረወሩ፣ ሰባተኛውንም፣ ስምንተኛውንም። እኛ ግን ጭብጨባ ላይ አቆምን።

ዛሬ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ቀጣሪውም ሰውን በነጥብ መለየት ጀምሯል። ነጥቡ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። «ሲስተሙ ነው ያለው» ይባላል፣ ሰውየውም አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ቀበና መውረጃ ላይ ያለችው ሴት እኔን ስለምታውቀኝ ጠየቀችኝ። የማታውቀኝስ?

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። «በትልቅ ዳታ ላይ የተደረገ ጥናት እንዲህ አገኘ» የሚል ዜና ሲደርሳችሁ፣ ከማተማችሁ በፊት ስንት ነገር አስተያይተው ያንን እንዳገኙ ጠይቁልን፣ ቁጥሩንም ከዜናው ጋር አብራችሁ አውጡት። ያገኙትንም ፍለጋው ውስጥ ባልነበሩ ሰዎች ላይ ደግመው ሞክረውት እንደሆነ ጻፉልን። ካልሞከሩት አልሞከሩትም በሉ። ሁለት መስመር ቢጨምር ነው፣ ገጽ አያጣብብም።

ጸሐፊውም ፈቃዳቸው ከሆነ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እዚያችው ካፌ አለሁ። ቡናው በእኔ ነው። ሒሳቡን ወረቀት ላይ አብረን እንሠራዋለን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከለገሃር